የሌሊት መብራት ይረክሳል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ቆጣሪ፣ ሽቦና ምጣድ

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ይህን ዓምድ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር፤ አሁን መነጽሬን አድርጌ ራሴ አነባለሁ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ አንደኛው የልጄ፣ ሁለተኛው የራሴ።

ትልቋ ልጄ እንግሊዝ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ናት፤ ማታ ወጥታ ጠዋት ትገባለች። በቅርቡ አዲስ ቤት ተከራይታለች። የቤቱ ቆጣሪ እንደ እኛው አስቀድሞ የሚከፈልበት ነው፤ ቁልፍ የሚመስል ነገር ይዛ ሱቅ ትሄድና ታስሞላለች። ነገር ግን ሁለት ዋጋ አለው፤ የቀኑ ውድ፣ የሌሊቱ ርካሽ። አከራይዋ «ከፈለግሽ አንድ ዋጋ ባለው እናስቀይረው» ብሏታል። እርሷም «እማዬ፣ ርካሹ ሰዓት እኔ ቤት የሌለሁበት ሰዓት ነው፤ ለማን ብዬ ነው ሁለት ዋጋ የምይዘው?» ትላለች። ቤቱ ደግሞ በረዶ ነው አሉ። ግድግዳው ሥር አንድ ሰው የማያነሳው ከባድ የብረት ሳጥን አለ፤ ሌሊት ሌሊት ይግላል። እርሷ ግን ሰው የሌለበት ቤት ለምን ይሞቃል ብላ ማታ ስትወጣ ታጠፋዋለች። ጠዋት ስትመለስ ከሱቅ የገዛቻትን ትንሽ ማሞቂያ እግሯ ሥር ለኩሳ ትተኛለች። የምታስሞላው ገንዘብ በየሳምንቱ እየጨመረ አስቸግሯታል። የትኛውን ትምረጥ?

ሁለተኛው የእኔ ነው። ልጄ «ርካሹ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው» ስትለኝ፣ የእኛም ቆጣሪ ሳይነግሩን እንዲሁ ይሆናል ብዬ እንጀራ መጋገሬን ወደ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል አዞርሁት። ሁለት ወር ሙሉ በእራት ሰዓት ጋገርሁ። እንጀራው ዓይን አላወጣ አለኝ፤ ካርዱም ከበፊቱ ቶሎ አለቀ። ጎረቤቴ «ሌሊት መብራት ይረክሳል፤ አንቺ ሰዓቱን ስተሽ ነው» ትለኛለች። እውነት ነው?

እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቅሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ በእርስዎ አልሳቅሁም። እኔም ወንድሜ አረብ አገር ሳለ «በስምንት ሰዓት እደውላለሁ» ብሎኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሬ ስልክ ታቅፌ ያመሸሁ ሰው ነኝ።

ልጅዎ አሥራ ሁለት ተኩል ያለችዎት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ከሌሊቱ 6፡30 እስከ ጠዋቱ 1፡30 ይሆናል። እርስዎ ምጣድ የጣዱት ግን ከምሽቱ 12፡30፣ ማርቆስ ሁሉ አምፖል በሚያበራበት፣ ቴሌቪዥን በሚከፍትበት፣ ሽሮውን በኤሌክትሪክ ምድጃ በሚጥድበት ሰዓት ነው። ከሃያ አራቱ ሰዓት የከፋውን መርጠው ጋገሩ ማለት ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የልጅቱን እንጨርስ፤ እርሷ ብርድ ላይ ናት።

እንግሊዞች ይህን የሌሊት ቅናሽ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሰባት ሰዓት ስለሚቆይ «ኢኮኖሚ ሰባት» አሉት። ምክንያቱ ቸርነት አልነበረም። ያን ጊዜ መብራታቸው በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰልና ከኑክሌር ጣቢያ ይመጣ ነበር፤ የእነዚህ ጣቢያዎች ማፍያ እንደ እኛ ምድጃ ማታ ተዳፍኖ ጠዋት የሚቀጣጠል አይደለም። ሕዝቡ ቢተኛም ጣቢያው አይተኛም። ስለዚህ ሌሊት ለሚጠቀም በርካሽ እንሽጥለት አሉ። ታዲያ ሌሊት የቀነሱትን ቀን ይመልሱታል፤ ሁለት ዋጋ ባለው ቆጣሪ የቀኑ ዋጋ፣ አንድ ዋጋ ባለው ቆጣሪ ከሚከፈለው ይበልጣል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ርካሹን ሲያይ ውዱን አያይም።

በቁጥር ላሳይዎት። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የፈጠርሁት ነው እንጂ የዛሬ ገበያ አይደለም። አንድ ዋጋ ያለው ቆጣሪ በኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪ መብራት የሚሰፍርበት መለኪያ ነው) 25 ሳንቲማቸውን፣ ማለት ፔኒ፣ ያስከፍላል እንበል። ሁለት ዋጋ ያለው ደግሞ ቀን 30፣ ሌሊት 15። ልጅዎ በሳምንት 90 ኪሎዋት ሰዓት ብትጠቀም፣ በአንድ ዋጋ 2,250 ፔኒ ትከፍላለች። በሁለት ዋጋ 30ው ሌሊት፣ 60ው ቀን ቢሆን፣ 450 እና 1,800፣ ድምሩ ያው 2,250። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ድንበሩ ሲሶው ነው። ከሲሶ በላይ ሌሊት የሚያቃጥል ያተርፋል፤ ከሲሶ በታች የሚያቃጥል ለሌላው ሰው ቅናሽ ይከፍላል። እዚያ አገር ለደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ድንበር 40 በመቶ ገደማ ነው፤ የእርሷ ግን በእጇ ካለው ዋጋ መውጣት አለበት።

እስከዚህ ድረስ ካየነው፣ ሌሊት ቤት የማይገኝ ሰው አንድ ዋጋ ይሻለዋል ያሰኛል። እኔም መጀመሪያ እንዲህ ብዬ ልጽፍልዎት ብዕር አንስቼ ነበር። ያስቆመኝ ያ ሳጥን ነው።

አንድ ሰው የማያነሳው ለምን ይመስልዎታል? ውስጡ ጡብ ነው። ሌሊት በርካሹ መብራት ጡቡን ያግሉታል፤ መብራቱ ውድ በሚሆንበት ቀን ደግሞ ምንም ሳይቆጥር ሙቀቱን ቀስ እያለ ይተፋል። ድፎ ከወጣ በኋላ ምድጃው አጠገብ እየተሻማን ስንሞቅ ያደግን ሰዎች ነገሩን ለመረዳት አንቸገርም። የዚህ ሳጥን ችግሩ፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው የሚያማርሩት፣ ጠዋት ግሎ ማታ መቀዝቀዙ ነው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሚገባ ሰው ሙቀቱን ባዶ ቤት በልቶት ይጠብቀዋል። ማታ ወጥቶ ጠዋት ለሚገባ፣ ቀን ለሚተኛ ሰው ግን ሳጥኑ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ልጅዎ ግን ሥራውን ገልብጣዋለች። ሌሊት በርካሹ የሚሞላውን አጥፍታ፣ ቀን በውዱ የሚሠራውን ትለኩሳለች። እነዚያ ትንንሽ ማሞቂያዎች ብዙዎቹ 2 ኪሎዋት ናቸው። ሰባት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በምሳሌያችን የቀን ዋጋ 420 ፔኒ፣ ማለት 4 ፓውንድ ከ20። ያንኑ ሙቀት ሌሊት ጡቡ ውስጥ ብታስቀምጠው 210 ፔኒ ነበር። የጨመረባት ገንዘብ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ቆጣሪውን ብታስቀይርማ ጡቡም በውዱ መብራት ሊግል ነው።

ስለዚህ ለልጅዎ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፦ ልጄ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ቆጣሪሽን አትንኪ። ሳጥኑ ላይ ሁለት መዘውር ይኖራል። አንዱ ሌሊት ምን ያህል እንደሚሞላ ይወስናል፤ እርሱን እንደ ብርዱ ከፍ አድርጊው። ሌላው ሙቀቱን የሚለቅ ነው፤ ማታ ስትወጪ ዝጊው፣ ጠዋት ስትገቢ ክፈቺው። ሳጥኑ የሚሠራበትን የግድግዳ ማብሪያ ማታ አታጥፊ። ትንሿን ማሞቂያ ለክፉ ቀን አስቀምጫት። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርገሽ፣ የቀኑንና የሌሊቱን ንባብ ወረቀት ላይ ጻፊ። ቆጣሪው ሁለቱን ለየብቻ ያሳያል። የሌሊቱ ከድንበርሽ ካለፈ ጉዳዩ አለቀ። ሳጥኑ ተበላሽቶ ወይም አከራይሽ ነቅሎ በጋዝ የሚሞቅ ቤት ካደረገልሽ ያን ጊዜ አንድ ዋጋ ያዢ፤ ሌሊት የሚበላ ዕቃ በሌለበት ቤት ሁለት ዋጋ ኪሳራ ነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። ርካሽ ነው ብላ ሌሊት ሥራ ላይ ሆና የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሰዓት መቆጣጠሪያ እንዳታስነሳ። የዚያ አገር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰው በሌለበትና ሰው በተኛበት ማሽን አታስነሱ እያሉ የሚመክሩት እሳት እያጠፉ ስላዩት ነው። የውኃ ማሞቂያው ግን በሰዓት መቆጣጠሪያ ሌሊት ቢሞቅ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው፣ የቆጣሪው ሰዓትና የእጅ ሰዓቷ ላይገጥሙ ይችላሉ። እንግሊዞች በፈረንጅ ማርች መጨረሻ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ያዞራሉ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ይመልሱታል፤ ብዙ አሮጌ ቆጣሪዎች ግን አብረው አይዞሩም። ስለዚህ በበጋቸው ርካሹ ሰዓት ከ6፡30 ወደ 7፡30 ይሸሻል፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ይህን ሳያውቁ አንዷን ሰዓት በየቀኑ በውድ የሚከፍሉ አሉ።

ሦስተኛው እኔን እንደ ሙያተኛ ያስደነቀኝ ነው። ከአሮጌዎቹ ቆጣሪዎች አንዳንዶቹ ቀንና ሌሊትን የሚለዩት በሬዲዮ ነው፤ በቢቢሲ ረጅም ሞገድ ላይ ተሳፍሮ የሚመጣ ምልክት «አሁን ርካሽ ነው፣ ሳጥኑን አብራ» ይላቸዋል። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2025 አንስቶ ደረጃ በደረጃ መዘጋት ጀምሯል። ምልክቱ ሲጠፋ ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ በርቶ ሊቀር ወይም ጭራሹን ሳይበራ ሊቀር ይችላል። የእርሷ ቆጣሪ ከእነዚያ ወገን መሆን አለመሆኑን መብራቱን የሚሸጥላትን ድርጅት ትጠይቅ፤ ከሆነም ያለ ክፍያ በአዲስ ይቀየርላታል። በዚያው ስትጠይቅ የቀን ዋጋውን፣ የሌሊት ዋጋውን፣ አንድ ዋጋ ብትይዝ የሚደርስባትን ዋጋና ቋሚውን የዕለት ክፍያ በጽሑፍ ታስልክ። ይህ የዕለት ክፍያ መብራት ተጠቀመች አልተጠቀመች በየቀኑ ከሞላችው ገንዘብ የሚቀነስ ነው፤ ለበዓል አገር ቤት መጥታ ስትመለስ «ማን በላብኝ?» እንዳትል።

አሁን ወደ ማርቆስ።

እህቴ፣ የእኛ ቤት ቆጣሪ ሰዓት አይጠይቅም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የቆጠረውም ሆነ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የቆጠረው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋው አንድ ነው። የጎረቤትዎ ወሬ ግን ከባዶ የመጣ አይመስለኝም። በ1998 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ ለኢንዱስትሪ ደንበኞች የሰዓት ዋጋ ነበረ፤ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ለሚጠቀሙት በጭንቅ ሰዓት፣ ማለት ሕዝቡ ሁሉ መብራት በሚጠቀምበት፣ 74 ሳንቲም ገደማ፣ ከጭንቅ ሰዓት ውጭ 54 ሳንቲም ገደማ። ወፍጮ ቤት ወይም ፋብሪካ የሠራ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሰምቶ ወደ ጓዳ ቢያወርደው አይገርምም።

የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመጣም የእንግሊዞቹ ጭንቀት የለብንም። ጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም. ሲጀምር 11.4 ሜጋዋት ነበር፤ በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ነው። ከሰል ሌሊት ይነዳል፤ ውኃ ግን ሌሊት ተኝቶ ሊያድር ይችላል። ለነገ ይቆያል። ሌሊት ካልተጠቀማችሁ ባከነ ብሎ በርካሽ የሚለምን የለም።

በእኛ አገር ዋጋውን የሚወስነው በወር የተጠቀሙት መጠን ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ድረስ። የመጀመሪያው ደረጃ ዋጋ፣ 0.273 ብር፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2017 ዓ.ም. መባቻ ሳይነካ ኖሯል። የላይኛው ደረጃ ግን በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው ጭማሪ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. 2.481 ብር ደርሶ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ፣ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሌላ ማስተካከያ ላይ ነን። ካርድዎ ቶሎ ያለቀበት ዋናው ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ብር የሚያገኙት ኪሎዋት ሰዓት አንሷል። ደረሰኝዎን አይጣሉ። የብሩን ቁጥር ትተው የኪሎዋት ሰዓቱን ቁጥር ካለፈው ሦስት ወር ደረሰኝ ጋር ያስተያዩት።

ቢሆንም ሰዓቱም እጁ አለበት፤ በዋጋ አይደለም፣ በቮልቴጅ ነው። ይህን ራሴ ለክቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት የእህቴ ምጣድ ላይ መለኪያዬን ይዤ ቁጭ አልሁ። የእርሷም ሰፈር እንደ እርስዎ ማታ ማታ አምፖሉ የሚደበዝዝ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሶኬቱ 178 ቮልት ሰጠኝ። 20 እንጀራ ለመጋገር ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀባት፤ ቆጣሪው 5 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። ከሦስት ቀን በኋላ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ያው ምጣድ፣ ያው ቡሆ፣ 215 ቮልት። 20ው እንጀራ በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አለቀ፤ የቆጠረው 4.4። እህቴ እንቅልፌን ነሳኸኝ ብላ እስከ ቁርስ አላናገረችኝም፤ እንጀራው ግን ዓይኑ ተከፍቶ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። የምጣዱ ሬዚስታንስ፣ ማለት ከሸክላው ሥር የሚግለው ሽቦ፣ በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ከሆነ፣ በ178 ቮልት የሚሰጠው 2.3 ብቻ ነው። ቮልቴጁ በአሥር በመቶ ሲወርድ ሙቀቱ የሚወርደው በአሥራ ዘጠኝ በመቶ ነውና። ምጣዱ ደግሞ ከሥርም ከጎንም ከላይም ሙቀት እያፈሰሰ ነው የሚሠራው። በቀዳዳ እንስራ ውኃ የሚሞላ ሰው በጣሳ ቢያንቆረቁር አይሞላለትም፤ በባልዲ ቢገለብጥ ይሞላለታል። ማታ ምጣድዎ የሚጠጣው በጣሳ ነው። ዓይን የነፈገዎትም እርሱ ነው፤ ሊጡ ሲፈስ የሸክላው ግለት ካልጠበቀው እንጀራው ድፍን ይሆናል። ቡሆዎን አይማሙት።

በገንዘብ ካሰብነው ልዩነቱ ትንሽ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋግሩ በወር 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በጊዜ ካሰብነው ግን ሰባት ሰዓት ያህል ዕድሜዎን ይመልስልዎታል። ስለዚህ ወደ ማለዳ ይመለሱ። ከሌሊቱ 6፡30 ተነስተው ይጋግሩ አልልዎትም፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወይም ቁርስ ካለፈ በኋላ ረፋዱ ላይ ይበቃል። ደግሞም በሁለት ቀን 10፣ 10 ከመጋገር በአንድ ቀን 20 መጋገር ይሻላል፤ ምጣዱን ከብርድ ለማጋል የሚሄደው መብራት አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል። ሲጨርሱ ማብሪያውን የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ያጥፉት፤ የሸክላው ግለት ይጨርስልዎታል። ይህንንም ያስተማረችኝ እህቴ ናት፤ ከሠላሳ ዓመት ሙያዬ አልተገኘም።

ጥያቄ

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ፣ ላጤ ነኝ፤ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በግቢው አራት ተከራይና ባለቤቶቹ በአንድ የካርድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ክፍያው እኩል ይካፈላል። እኔ አንድ አምፖልና ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፤ ሌሎቹ ይጋግራሉ፣ ውኃ ያሞቃሉ። ብናገር ጠብ ይሆናል፣ ዝም ብል ያንገበግበኛል።

መልስ

ወንድሜ፣ ያንገበገበህ በሚገባ ነው። ግን ጋጋሪዎቹን አትቀየማቸው፤ እነርሱንም የሚጎዳ ነገር አለ። ከላይ እንዳልሁት ዋጋው በመጠን ይወጣል። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው አምስት ድሆች መሆናችሁን አያውቅም፤ አንድ ሀብታም አድርጎ ያያችኋል። በታኅሣሥ 2014ቱ ዋጋ የመጀመሪያው ደረጃ 0.273 ብር ሲሆን ከ101 እስከ 200 ያለው 1.625 ብር ነበር፤ ስድስት እጥፍ ያህል። ለየብቻ ቢሆን ኖሮ አንተ ከመጀመሪያው ደረጃ አትወጣም ነበር።

ስለዚህ ነገሩን «እኔ ብዙ ከፈልሁ» ብለህ አታንሳው። «ሁላችንም ብዙ ከፈልን» ብለህ አንሳው፤ ያኔ ጋጋሪዋም ከአንተ ጋር ትቆማለች። ዋናው መፍትሔ ባለቤቱ ተጨማሪ ቆጣሪ ማስገባቱ ነው፤ ማመልከት የሚችለው እርሱ ነው፣ እናንተ ግን ወጪውን ለመካፈል ዝግጁ መሆናችሁን ንገሩት። እስከዚያ በየክፍሉ መስመር ላይ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ይገኛል። በየወሩ መጨረሻ ሁላችሁም ባላችሁበት ይነበብ፤ የካርዱ ወጪ በንባቡ መጠን ይከፈል። የግቢው አምፖልና የውኃ ፓምፕ ካለ የእርሱ ለብቻ ይያዝና እኩል ይካፈል።

ገመዱን የሚነካው ሙያተኛ ይሁን። በአንድ ቀጭን ሽቦ ሁለት ምጣድ የተሰካበት ግቢ አይቻለሁ፤ አንድ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግራቸው በወፍራም ሽቦ አገናኝተው ዘለሉት። ጣሪያው ሥር ያለው ገመድ ቀልጦ፣ ላስቲኩ እንደ ጧፍ ሰም ሲንጠባጠብ ነው የጠሩኝ።

አንዳንድ አከራዮች ምጣድ በመከልከል ይገላገላሉ። የእኔ አስተያየት፣ ምጣድ ከልክሎ ተከራይን ወደ ከሰል መግፋት ግቢውን በጭስ መሙላት ነው፤ የከሰሉም ዋጋ ዛሬ ቀልድ አይደለም፣ አዊ ሄዳችሁ ለከሰል ከሚተከለው ዛፍ፣ ከዲከረንሱ ጫካ ሥር ብትገዙት እንኳ።

ጥያቄ

አሮጌው ባለ ዲስክ ቆጣሪያችን በካርድ ቆጣሪ ከተቀየረ ወዲህ ፍጆታችን ጨመረ። አዲሱ ይሮጣል ማለት ነው? ከዳንግላ።

መልስ

አሮጌው ይተኛ ይሆናል። ባለ ዲስኩ ቆጣሪ የሚሽከረከር አካል ስላለው አቧራና ዕድሜ ያዘገየዋል፤ ትንሽ ፍጆታን ጨርሶ የማይቆጥርም አጋጥሞኛል። አዲሱ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ሶኬት ላይ የተረሳ የስልክ ቻርጀር ሳይቀር ይቆጥራል። ስለዚህ ዓመታት ሙሉ ሳታውቁት በቅናሽ ስትጠቀሙ ኖራችሁ ሊሆን ይችላል።

ጥርጣሬውን ግን ራሳችሁ መርምሩት። በመጀመሪያ ብሬከሩን ሙሉ በሙሉ አውርዱና ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለውን ቀይ መብራት ሩብ ሰዓት ተመልከቷት። ምንም ሳይበራ ብልጭ ካለች ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ ወይም ሌላ ሰው የጠለፈው መስመር ሊኖር ይችላል። ካልበራች ብሬከሩን መልሱና አንድ የ100 ዋት አምፖል ብቻ አብሩ፤ ሌላውን ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ። በቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል። 1600 ከሆነ ያ አምፖል በአንድ ሰዓት 160 ጊዜ ያስብለዋል። ሰዓት ሙሉ መቁጠር ካሰለቻችሁ ሩብ ሰዓት ቁጠሩ፤ 40 መሆን አለበት። 38 ወይም 42 ቢመጣ ቆጣሪውን አትክሰሱት፤ አምፖሉም ልክ 100 አይደለም፣ ቮልቴጁም ከፍና ዝቅ ይላል። 60 ከመጣ ግን ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ፣ ከጎረቤት አንድ ምስክር አስፈርማችሁ አቤቱታ አስገቡ። ሙከራውን በማለዳ አድርጉት፤ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ ብልጭታው ያንሳል፣ ቆጣሪውም ከነጥፋቱ ንጹሕ ይመስላል።